«አድርስልኝ» ብለው የሚያሸክሙህ ጫት

ጠበቃ ነኝ፣ ደባርቅ እኖራለሁ። ከጃናሞራ ልጆች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጫት እኛ ጋ በገበያ ይሸጣል፤ ሳዑዲ ይዞ መግባት ምን ችግር አለው?»

ችግሩ ከባድ ነው። ሳዑዲ ጫትን ከአደንዛዥ ዕፅ ትቆጥረዋለች፤ በዕፅ ዝውውር ደግሞ እስከ ሞት ትፈርዳለች። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። ግራ የሚያጋባው፣ እ.ኤ.አ. የ1971ዱ ዓለም አቀፍ የዕፅ ስምምነት የሚቆጣጠረው በጫት ቅጠል ውስጥ ያሉትን ካቲኖንና ካቲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንጂ ቅጠሉን አለመሆኑ ነው። ስለ ቅጠሉ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል።

ጫት ይዞ ተገኝቶ «የሰው ዕቃ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። በየመን በኩል የምትሻገሩ ልጆች፣ ደላላ «የመንገድህን እችልልሃለሁ» ብሎ ሲያሸክማችሁ እባካችሁ አትቀበሉ!

የተያዘ ዘመድ ካላችሁ፣ ለኢትዮጵያ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።