የዕውቀት ውድድር የሚደረግበትን ስፍራ ስለ መምረጥ

ድግስ የደገሰ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ እንግዳ መጥራት ቀላል ነው፤ የተጠራው ሁሉ ሳይጉላላ፥ አንዱም ከሌላው ሳይበላለጥ እንዲስተናገድ ስፍራውን አስቀድሞ ማሰናዳት ግን ብርቱ ሐሳብ ይጠይቃል። አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ዛሬ የምናቀርበው ነገር ምንም እንኳ የአሜሪካ አገር ልማድ ቢሆን፥ ልጅ ለሚያሳድግና እንግዳ ለሚቀበል ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

በአሜሪካ ተማሪዎች አራት አራት እየሆኑ በጥያቄና መልስ ይወዳደራሉ። ጠያቂው ሲያነብ፥ መልሱን ያወቀ ልጅ ንባቡ እስኪፈጸም ሳይጠብቅ ደወሉን ይጫናል። በትክክል የመለሰ 10 ነጥብ፥ እጅግ ቀድሞ የመለሰም 15 ነጥብ ያገኛል፤ አቋርጦ የተሳሳተ ግን 5 ይቀነስበታል። እንግዲህ ዕውቀት ቢኖረውም እንቅልፍ ያጣ ልጅ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ቢዘገይ ይሸነፋል ማለት ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. «ኮሌጅ ቦውል» የተባለው ውድድር በራዲዮ ሲጀመር ስለ ስፍራ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ቡድን በገዛ ትምህርት ቤቱ ተቀምጦ ድምፁ ብቻ በሽቦ ይተላለፍ ነበርና። በ1959 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር ግን ተወዳዳሪዎቹ ፊት ለፊት መገናኘት ግድ ሆነባቸው። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው «ናሽናል አካዴሚክ ኲዝ ቶርናመንትስ» የተባለው ድርጅትም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከየግዛቱ በአንድነት ይሰበስባል።

ታዲያ ወዴት ይሰብስባቸው? ሁለት ቡድን ለመግጠም አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፥ አንድ ጠያቂ፥ አንድ ነጥብ መዝጋቢና ደወል ያስፈልጋል። 200 ቡድን በአንድ ጊዜ ይጋጠም ቢባል 100 ክፍል ሊገኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ክፍል አያጣም፤ ዋጋውም ይቀላል። ዳሩ ግን ሕንጻዎቹ የተራራቁ በመሆናቸው፥ መኝታውም ሌላ ዘንድ ስለሚሆን፥ ልጆቹ በመንገድ ይደክማሉ። በታላቅ ሆቴል ግን ከላይ ተኝተው ከታች ይወዳደራሉ፤ መምህራቸውም ከዐይኑ አያርቃቸውም። የሆቴሉ ጕድለት ውድነቱ ነው።

ስለዚህ ቀኑም ከስፍራው ጋራ አብሮ ይመረጣል። የሁለተኛ ደረጃው ውድድር በግንቦት መጨረሻ፥ በጦርነት የወደቁ ወታደሮች በሚታሰቡበት በዓል ሰሞን ሲደረግ ቆይቷል። ሰኞ በዓል ስለሚሆን ተማሪው ትምህርቱን ሳያስታጕል ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከተማውን መምረጥም የራሱ ጭንቅ አለው። ቺካጎና አትላንታ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዳላስ እነዚህን ልጆች ተቀብለዋል፤ ሦስቱም ታላላቅ የአውሮፕላን ጣቢያዎች ያሏቸው ናቸው። ነገር ግን አትላንታ ጧት 2 ሰዓት ሲሆን በካሊፎርንያ ገና ሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ከዚያ የመጣው ልጅ በአገሩ ሰዓት ገና በሚተኛበት ጊዜ ይጠየቃል። በቺካጎ ቢሆን ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይቀንስለታል። ለምዕራቡ ልጅ ሲታዘንለት ለምሥራቁ መንገድ ይረዝማል፤ ለሁሉ የተካከለ ከተማ ከቶ አይገኝም።

በእኛ አስተያየት፥ መራጮች ስለ አዳራሹ ውበት ከመጠየቃቸው በፊት፥ ከሁሉ ድኻ ከሆነውና ከሁሉ ከራቀው ትምህርት ቤት የሚመጣው ልጅ በዚያ ስፍራ እንዴት እንደሚያድር ሊጠይቁ ይገባል። በአንድ ሌሊት ኪራይ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ገንዘብ ለባለጸጋው ልጅ ምንም አይደለም፤ ያንን ልጅ ግን ከቤቱ ሊያስቀረው ይችላል። የቀረው ልጅም ዕውቀቱ ሳይመዘን ተሸነፈ ማለት ነው። ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ከቅርቡ እኩል ያላሳረፈ ድግስ፥ ምግቡ ምንም ቢጣፍጥ፥ ደጋሹን አያስመሰግነውም።