የሱሺ ቤት ትርፍ ከባንኮኒው ይጀምራል

ምግብ ቤቱን ወደ ዘመናዊ ሱሺ ቤት ሊለውጥ የተነሳ ባለሀብት ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መብራቱ፣ ስለ ግድግዳው ቀለምና ስለ እንጨት ሥራው ነው። አዋጭነቱን የሚወስኑት ግን ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ሼፉ ከእንግዳው ምን ያህል ይርቃል? አንድ ወንበር በቀን ስንት ሰው ያስተናግዳል? ሳህኑን ማን ያደርሳል? ሦስቱንም የሚመልሰው የወለሉ አቀማመጥ ነው።

ጃፓናዊው ዮሺያኪ ሺራይሺ ይህን ቀድሞ ተረድቶታል። ኦሳካ አካባቢ በነበረችው አነስተኛ ሱሺ ቤቱ ደንበኛ አልጠፋም፤ የቸገረው በቂ ሠራተኛ ማግኘት ነበር። መፍትሔው የመጣለት በአንድ የአሳሂ ቢራ ፋብሪካ ጠርሙሶች በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ተሰልፈው ሲያልፉ ባየ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሳህኖች በእንግዶች ፊት የሚዞሩበትን ምግብ ቤት ከፈተ። አሠራሩ በ1970 በኦሳካው ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ከታየ በኋላ በጃፓን በስፋት ታወቀ።

ለውጡ የወጪውን አወቃቀር ቀየረው። ቀበቶው የአስተናጋጁን ምልልስ ስለተካ፣ በየወሩ ይከፈል የነበረው ደመወዝ በከፊል የአንድ ጊዜ ኢንቨስትመንት ሆነ። እንግዳው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ስለሚበላ ወንበሩ ቶሎ ይለቀቃል፤ ኪራዩም ለብዙ እንግዶች ይከፋፈላል። በኋላም የሳህን ቀለም ዋጋን እንዲያመለክት ሲደረግ፣ ሂሳብ ባዶ ሳህን በመቁጠር የሚያልቅ ሥራ ሆነ። በየወንበሩ ፊት የተገጠመው የሙቅ ውኃ ቧንቧ ደግሞ እንግዳው ሻዩን ራሱ እንዲቀዳ አስቻለው። እነዚህ ቁጠባዎች ተደምረው ሱሺን ለሠራተኛውና ለቤተሰብ በሚቀመስ ዋጋ አቀረቡት።

አሠራሩ የራሱ ኪሳራም ነበረው። ሳይነሳ ብዙ የዞረ ዓሣ ይደርቃል፤ ይጣላል። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ አንዳንድ ደንበኞች በቀበቶው ላይ ያለ ምግብ ሲነካኩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተሰራጭተው የሕዝቡን እምነት አናጉት። ዛሬ በርካታ የጃፓን ሱሺ ቤቶች ትእዛዙን በስክሪን ተቀብለው፣ የተሠራውን ሳህን በፈጣን መስመር በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ይልካሉ። በዚህም የሠራተኛ ቁጠባው ሳይጠፋ ብክነቱ ይቀንሳል።

በሌላው ጫፍ አሥር የማይሞሉ ወንበሮች በአንድ ባንኮኒ ዙሪያ የተደረደሩበት ቤት አለ። እዚያ ሼፉ ሱሺውን በእጁ ሠርቶ ለእንግዳው በቀጥታ ያቀርባል። ገቢው የሚገኘው ከእንግዳ ብዛት ሳይሆን ከፍ ካለ ዋጋ ነው፤ እንግዳው የሚከፍለውም ለዓሣው ጥራትና ለባለሙያው ጥበብ ጭምር ነው።

ሁለቱም መንገድ ያዋጣል። የሚከስረው ሁለቱን ያለ ስሌት የሚያደባልቅ ነው፤ የውዱን ቤት ወጪ ተሸክሞ በርካሹ ቤት ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ምግብ ቤታችሁን ለማደስ ያሰባችሁ ሁሉ፣ አናጺውን ከመጥራታችሁ በፊት የምትሸጡበትን ዋጋ ወስኑ፤ ለዚያ ዋጋ በቀን ስንት እንግዳ እንደሚያስፈልግ አስሉ። ባንኮኒው የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው።