አፍተግር፦ የሚባለውና እውነታው

አፍተግር ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳትን፣ በተለይ ከብትን፣ በግን፣ ፍየልንና አሳማን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ነው። ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን አይይዛቸውም። የታመመ ከብት ያተኩሰዋል፣ ልጋጉ ይዝረበረባል፤ ምላሱና ድዱ ላይ፣ በሰኮናው መሃል፣ በላሟም ጡት ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል። ብዙ አርቢ ይህን እያየም «ያልፋል» ብሎ ይተወዋል።

አባባሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ካደጉ ከብቶች መካከል በአፍተግር የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከአምስት አይበልጥም። ስህተቱ ጉዳትን በሞት ብቻ መለካቱ ላይ ነው። ቫይረሱ የጥጆችን የልብ ጡንቻ ስለሚያጠቃ ጥጃ አፉ ሳይቆስል በድንገት ሊሞት ይችላል። የላም ወተት ይቀንሳል። ሰኮናው የቆሰለ በሬ በእርሻ ወቅት መጠመድ አይችልም፤ ማሳ ጦሙን ሲያድር ደግሞ ኪሳራው ከሞቱ ከብቶች ጋር አይቆጠርም። እንስሳው ራሱም እየራበው መብላት፣ እየፈለገ መቆም ያቅተዋል። የእንስሳት ሐኪም የሚወጋው አንቲባዮቲክም ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ይረዳል እንጂ ቫይረሱን አይገድልም።

ሰውን ይይዛል የሚለው ፍርሃት ብዙም መሠረት የለውም። ቫይረሱ ሰውን የሚይዘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ሲይዝም አይጠናም። በሕፃናት እጅ፣ እግርና አፍ ላይ ሽፍታ የሚያወጣው ሕመም የሌላ ቫይረስ ሥራ ነው። ሰው የበሽታው ሰለባ ሳይሆን አጓጓዡ ነው፤ በጫማው፣ በልብሱና በመኪናው ጎማ ከበረት ወደ በረት ያደርሰዋል። ነፋስም ይሸከመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ከፈረንሳይ ጠረፍ ተነሥቶ ባሕር በመሻገር የእንግሊዟ ዋይት ደሴት ደርሷል።

ከሁሉ በላይ ሥር የሰደደው እምነት፣ በሀብታም አገሮች ከብት በጅምላ የሚገደለው በሽታው ገዳይና መከላከያ የሌለው ስለሆነ ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪታኒያ ውስጥ የሆነው ይህን አይደግፍም። በሽታው በፌብሩዋሪ ወር ኤሴክስ ውስጥ በአንድ ቄራ አሳማዎች ላይ ተገኘ። ምንጩ በሰሜን እንግሊዝ ያለ፣ በሚገባ ያልተቀቀለ የምግብ ትራፊ ለአሳማ የሚቀልብ እርሻ እንደሆነ ተደረሰበት። ይህ ሲታወቅ ግን በጎች በየገበያው ተሸጠው ተበትነው ስለነበር ቢያንስ 57 እርሻዎች አስቀድመው ተበክለዋል። መንግሥት በበሽታው የተያዘው እርሻ እንስሳት በ24 ሰዓት፣ የአጎራባቾቹ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲገደሉ አዘዘ። በአጠቃላይ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገደሉ። ከእነዚህም ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡት አልታመሙም፣ በበሽታው አልተጠረጠሩም፤ የዝውውር እገዳው መኖና ግጦሽ ስላሳጣቸው፣ በጭቃና በጥበት ስላቆያቸው «ለደኅንነታቸው» ሲባል ተወገዱ። ለበሽታ ቁጥጥር የወጣው ደንብ ራሱ የእንስሳት ሥቃይ ምንጭ ሆነ ማለት ነው። ዴቮን ውስጥ ከተገደለች እናቷ አጠገብ ከቀናት በኋላ በሕይወት የተገኘችን ነጭ ጥጃ ጋዜጦች «ፊኒክስ» ብለው ሰየሟት፤ መንግሥትም የአጎራባች እርሻዎችን ግድያ ያላላው የእሷ ታሪክ በገነነበት ሰሞን ነው።

ክትባት ግን ነበረ። ያገደው የንግድ ደንብ ነው። ሳይከትብ ገድሎ በሽታውን ያጠፋ አገር ከ3 ወር በኋላ «ከአፍተግር ነፃ» ተብሎ ሥጋ መላክ ይችል ነበር፤ ከትቦ እንስሳቱን ያቆየ ግን ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ኔዘርላንድስ በዚያው ዓመት የከተበቻቸውን እንስሳት መልሳ የገደለችው ለዚህ ነው። ኡራጓይ በአንጻሩ 7 ሺህ ገደማ እንስሳት ብቻ ገድላ ግድያውን አቆመችና ከብቶቿን በሙሉ ከተበች፤ ወረርሽኙም በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ። የታመመ መንጋን ቶሎ ማስወገድ የቫይረሱን ምንጭ እንደሚያደርቅ አከራካሪ አይደለም። ጤነኛውን ጎረቤት መግደል ግን የሕክምና ሳይሆን የገበያ ውሳኔ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ ክትባትን ቦታ ከፍ አድርጎታል፤ ከትቦ እንስሳቱን ያቆየ አገር የሚጠብቀው ጊዜም ወደ 6 ወር ወርዷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ይሰማል፤ «ተከትቦም ታመመ፣ ክትባቱ አይሠራም» ይባላል። የአፍተግር ቫይረስ ግን ሰባት ዓይነት ነው፤ ለአንዱ የተሠራ ክትባት ከሌላው አያድንም። እዚህ አገር ከአንድ በላይ ዓይነት ስለሚዘዋወር፣ ቢሾፍቱ ውስጥ የሚመረተው ክትባት በአካባቢው ካለው ቫይረስ ጋር መመሳሰል ይኖርበታል። መከላከያነቱም ለወራት እንጂ ለዕድሜ ልክ አይደለም፤ ቅዝቃዜው ሳይጠበቅ የተጓጓዘም ይበላሻል። ስለዚህ ተከትቦ የታመመ ከብት ያለው አርቢ ክትባቱን ከማማረሩ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ይንገር፤ ከአዲሱ ቁስል ናሙና ይወሰድ፤ ከብቱም እስኪያገግም ገበያ አይውጣ፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ወንዝ አይጠጣ።