የአሌክሲስ ጨጓራ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1822 ነው። ሂውሮንና ሚቺጋን የተባሉት ታላላቅ ሐይቆች በሚገናኙበት አካባቢ፣ በማኪናክ ደሴት፣ የባለፀጉር ቆዳ ነጋዴዎች ድርጅት በሆነው በአሜሪካን ፈር ካምፓኒ መደብር ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። በረዶው ቀልጦ ሐይቁ ሲከፈት፣ ክረምቱን ጫካ ውስጥ ያሳለፉት ታንኳ ቀዛፊዎች ቆዳቸውን ጭነው የሚመጡት በዚህ ወቅት ነበር። በዚያ ግርግር መሀል የአንዱ ጠመንጃ ባረቀ።

ጠመንጃው ለዳክዬ አደን ጥቃቅን እርሳስ የጎረሰ ነው። ከአፈሙዙ አንድ ሜትር እንኳ ያልራቀው አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ካናዳዊ ወጣት ግራ ጎኑን ተመታ። በደሴቲቱ ምሽግ የነበረው የጦር ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ተጠርቶ ሲደርስ የጎድን አጥንቶች ተሰባብረው፣ የሳንባው ቁራጭ በቁስሉ አፍ ወጥቶ፣ ከሥሩ ደግሞ ጨጓራው ተበስቶ ጠዋት የበላው ቁርስ ሲፈስ አገኘው። ሳንባውን ወደ ውስጥ ሊመልስ ሲሞክር የተሰበረ ጎድን ሹል ጫፍ ያዘበት። ጫፉን በሰንጢ ቆርጦ ሳንባውን ገፋው፣ ቁስሉን ሸፈነ። አይተርፍም ብሎ ነበር።

አሌክሲስ ግን ተረፈ። ለ17 ቀናት የዋጠው ሁሉ በጎኑ እየወጣ፣ ሐኪሙም በፊንጢጣው በኩል ፈሳሽ ምግብ እየሰጠ አቆየው። ከዚያ በኋላ ቁስሉን አጥብቆ በማሰር ምግቡ ወደ አንጀት እንዲወርድ ማድረግ ተቻለ። ቀስ በቀስ ሥጋው ሞላ፣ ቆዳው ጠገገ። አንድ ነገር ብቻ አልሆነም፦ የጨጓራው ግድግዳ ከደረቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለዳነ፣ ከግራ ጡቱ በታች በቀጥታ ጨጓራው ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ቀረ። ኋላ ደግሞ የጨጓራው የውስጥ ሽፋን ታጥፎ ቀዳዳውን ከውስጥ ዘጋው። ምግብ አያስወጣም፤ በጣት ገፋ ካደረጉት ግን ይከፈታል።

ቦሞንት የሕክምና ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም። በኮኔቲከት የተወለደ፣ ሙያውን በቨርሞንት ከአንድ ሐኪም ሥር ሆኖ የተማረ፣ በ1812ቱ ጦርነት ቁስለኛ እያከመ የበሰለ ሰው ነበር። ቤተ ሙከራ የለውም፤ ቴርሞሜትር፣ ጥቂት ብልቃጥና ማስታወሻ ደብተር ቢኖረው ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ምግብ በጨጓራ ውስጥ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ የአውሮፓን ሊቃውንት ገና ያከራክር ነበር። ጨጓራ ይፈጨዋል የሚል ነበር፣ ይበሰብሳል የሚል ነበር፣ እንደ ሊጥ ይቦካል የሚልም ነበር። ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ ምግብ በትንንሽ ከረጢት አድርጎ ራሱ እየዋጠ የሚያሟሟ ፈሳሽ መኖሩን ካሳየ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ፕራውትም በዚያው ሰሞን ከእንስሳት ጨጓራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አግኝቷል። በሕይወት ባለ ሰው ጨጓራ ላይ ግን ሥራውን ቁጭ ብሎ ያየ አልነበረም።

በ1823 የአካባቢው አስተዳደር ለአሌክሲስ ቀለብ መስፈር ሰለቸውና ወደ ትውልድ አገሩ ሊመልሰው ወሰነ። በዚያ አቅሙ በታንኳ ያን ሁሉ መንገድ አይችለውም ብሎ ቦሞንት ቤቱ ወሰደው። እንጨት ይፈልጣል፣ ቤት ውስጥ ይላላካል፣ ቁስሉም ይታከማል። ሐኪሙ ቀዳዳውን ሆን ብሎ ተወው ብለው የሚያሙት አልጠፉም። እሱ ግን ጠርዙን አቁስዬ ልስፋው ብለው አሌክሲስ እምቢ አለኝ ብሎ ጽፏል። በበኩሌ አምነዋለሁ፤ ያን ያህል የተሰቃየ ሰው እንደገና ቢላ ቢፈራ አይገርምም። ቦሞንት በእምቢታው አዝኗል ለማለት ግን ይከብደኛል።

ኦገስት 1 ቀን 1825 ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ቦሞንት አንድ የሐር ክር አዘጋጀ። በክሩ ላይ በቅመም የተሠራ የበሬ ሥጋ፣ ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ የአሳማ ጮማ፣ ጥሬ ቀይ ሥጋ፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ የደረቀ ዳቦና የተከተፈ ጥሬ ጎመን አራርቆ አሰረ፤ እያንዳንዱ ከ7 ወይም 8 ግራም አይበልጥም። ክሩን በቀዳዳው አስገባና አሌክሲስን ወደ ሥራው ላከው። 7 ሰዓት ላይ ስቦ ሲያወጣው ጎመኑና ዳቦው ግማሽ ያህል ሟሙተዋል፣ ሥጋው እንዳለ ነው። መልሶ አስገባው። 8 ሰዓት ላይ ጎመኑ፣ ዳቦው፣ ጮማውና የተቀቀለው ሥጋ ከክሩ ላይ ጠፍተዋል። ብዙ ሳይቆይ አሌክሲስ ሆዴን አመመኝ አለ። ሕመሙ በማግስቱም ስላልተወው ቦሞንት የሜርኩሪ ክኒን ሰጠው፤ በአፉ ሳይሆን በዚያው በጎኑ ቀዳዳ።

ወሳኙ ሙከራ ከቀናት በኋላ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ሳይበላ የቆየውን የአሌክሲስን ጨጓራ በቴርሞሜትር ለካው፦ 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ከዚያ የጨጓራውን ፈሳሽ ቀድቶ ብልቃጥ ውስጥ አደረገ፣ ቁራጭ የተቀቀለ ሥጋ ጨመረበት፣ ብልቃጡን ያንኑ ያህል ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ አስቀመጠው። የዚያኑ ያህል ሥጋ በክር አስሮ ወደ ጨጓራው ሰደደ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ሥጋ በ40 ደቂቃ ገጹ መሟሟት ጀመረ። ጨጓራው ውስጥ የገባው በ2 ሰዓት ውስጥ አለቀ፤ የብልቃጡ 10 ሰዓት ያህል ወሰደ፤ ግን አለቀ። ሕይወት በሌለው ጠርሙስ፣ ሳይፈጭ፣ ሳይበሰብስ። የዘመናት ክርክር በአንድ ቀን ውሎ መልኩ ተቀየረ፤ ምግብን የሚያሟሟው ፈሳሹ ነው፣ ሥራውም ኬሚካዊ ነው።

በዚሁ ሰሞን አሌክሲስ ተነሥቶ ሄደ። አላስፈቀደም። ካናዳ ገባ፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ቀዳዳውን ይዞ ታንኳ መቅዘፉን ቀጠለ። ቦሞንት በቆዳ ነጋዴዎቹ በኩል እያስፈለገ ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በ1829 ነው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አስከትሎ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ቦሞንት ወደተዛወረበት ምሽግ ወደ ፎርት ክሮፎርድ መጣ። ቀን የጉልበት ሥራ ይሠራል፣ በመሀል ይጠራና ይጋደማል።

ቦሞንት ያየውን ሁሉ ይጽፋል። ባዶ ጨጓራ ውስጥ ፈሳሹ ተጠራቅሞ አይቆይም፤ ምግቡ ግድግዳውን ሲነካው ከውስጠኛው ሽፋን እንደ ላብ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ ይላል። ይህን ለማረጋገጥ ምላሱን ሳይቀር ተጠቅሟል፦ ባዶውን ሽፋን ሲቀምሰው አይኮመጥጥም፣ ምግብ ሲገባ ይኮመጥጣል። የአየሩ ጠባይና የጉልበት ሥራ የጨጓራውን ሙቀት ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። አሌክሲስ ለቀናት አረቄ ሲጠጣ ሽፋኑ ቀልቶ እዚህም እዚያም ቆስሎ ተገኘ፤ ሰውየው ግን ምንም አላመመኝም ይላል። ሲቆጣ ደግሞ ሐሞት ወደ ጨጓራው ይገባል፣ የምግቡም መሟሟት ይስተጓጎላል። የቁጣ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገውም፤ ክር እያስገባና እያወጣ የአሌክሲስን ጨጓራ የሚልጠው ራሱ ዶክተሩ ነበር።

በ1832 ውል ተፈራረሙ። አሌክሲስ ማንበብና መጻፍ ስለማይችል በስሙ ቦታ ምልክት አደረገ። በዓመት 150 ዶላር፣ ምግብ፣ መኝታና ልብስ ያገኛል፤ በምላሹ ያገለግላል፣ ቦሞንት በጨጓራው ላይ የሚያዘውን ሙከራ ሁሉ ይቀበላል። ወጪውን ለማቃለል የሠራዊቱ ሳጅን ተደርጎ እስከ መመዝገብ ደረሰ፤ ጨጓራው በመንግሥት ደመወዝ ገባ ማለት ነው። ፈሳሹን ቨርጂኒያ የነበረ ደንግሊሰን የተባለ ሐኪም መርምሮ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አገኘበት። በጠርሙስ ታሽጎ ስዊድን ድረስ፣ ለስመ ጥሩው ኬሚስት ለበርዜሊየስም ተልኳል፤ ከዚያ የረባ መልስ አልመጣም።

የቦሞንት መጽሐፍ በ1833 ፕላትስበርግ በምትባል የኒውዮርክ ከተማ ታተመ፤ 238 ሙከራዎች ይዟል። ብዙ አንባቢ የሚወደው ሠንጠረዡን ነው፦ የተቀቀለ ሩዝ 1 ሰዓት፣ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ 5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ቦሞንት አሲዶችን ራሱ ቀላቅሎ ሰው ሠራሽ ፈሳሽ ለመሥራት ሞከረ፤ እንደ እውነተኛው አላሟሟም። አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ጠረጠረ፣ ምን እንደሆነ ግን ሊደርስበት አልቻለም፣ በግምትም አልሸፈነውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን የጎደለውን አገኘና ፔፕሲን አለው።

አሌክሲስ በ1834 ወደ ካናዳ ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላም እጁን አልሰጠም። ቦሞንት ለዓመታት ደብዳቤ ቢጽፍ፣ መልእክተኛ ቢልክ፣ በገንዘቡና በቤተሰቡ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀሩ። በ1853 ሐኪሙ ሴንት ሉዊስ ውስጥ በረዶ የጋገረው ደረጃ ላይ አንሸራቶት ወድቆ፣ በዚያው ሰበብ ሞተ። ቀዳዳ የያዘው ሰው ከሐኪሙ በኋላ 27 ዓመት ኖረ። በመሀል ሌላ ሰው ከከተማ ከተማ ይዞት እየዞረ ጨጓራውን ለሕዝብ አሳይቷል።

በ1880 በኩቤክ ሲሞት፣ በሞንትሪያል ሕክምና ያስተምር የነበረው ዊልያም ኦስለር አስከሬኑ እንዲመረመርና ጨጓራው ዋሽንግተን በሚገኘው የጦር ሠራዊቱ የሕክምና ሙዚየም እንዲቀመጥ ፈልጎ ነበር። ቤተሰቡ ግን ሐኪም እንዳይነካው አስቀድሞ ቆርጧል። አስከሬኑን በሙቀት እስኪሸት አቆዩት፤ ሽታው ስለበረታ ጸሎቱ ሲደረስ ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ውጭ ቀረ። ከዚያ መቃብሩን 8 ጫማ ያህል አስቆፍረው ቀበሩት። ኦስለር በ1902 ስለ ቦሞንት ታላቅነት ሴንት ሉዊስ ውስጥ ንግግር አደረገ፤ ያን ጨጓራ ግን አላገኘውም።