የአፍንጫን ሥራ የተረከበ ቤት

በአፍንጫችን የሚገባው አየር ሳንባ እስኪደርስ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ አቧራውም ይጣራል። ትራኪኦስቶሚ የተሠራለት ሰው ግን የሚተነፍሰው ከማንቁርቱ በታች፣ አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በገባ ቱቦ ነው። አየሩ እንደ ቀዘቀዘና እንደ ደረቀ በቀጥታ ይወርዳል። ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ፣ የአፍንጫውን ሥራ የሚረከቡት አስታማሚዎቹ ናቸው።

ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው ቀዳዳውን ነው። እኔ ግን ይበልጥ መፈራት ያለበት የደረቀ አክታ ነው እላለሁ። እርጥበት ያጣ አክታ ይወፍርና ቱቦው ውስጥ ይጋገራል፤ ቱቦ ተደፈነ ማለት ትንፋሽ ተዘጋ ማለት ነው። አየሩን የሚያረጥብ መሣሪያ፣ ወይም የሚወጣውን ትንፋሽ ሙቀትና እርጥበት ይዞ ለሚገባው የሚመልስ፣ ቱቦው አፍ ላይ የሚገጠም ትንሽ ማጣሪያ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። የቡናው ጭስስ? ጠያቂ የሚመጣበት ቤት ቡናውን ይተው አልልም። መቁላቱ፣ ዕጣኑና ከሰል ማቀጣጠሉ ግን ደጅ ይሁን፤ ጭሱን የሚያስቀር አፍንጫ የለምና።

የአዋቂ ቱቦ ብዙ ጊዜ ድርብ ነው። የውጭው ቦታውን ይዞ ይቆያል፤ የውስጠኛው እየወጣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ አክታ ሲበዛም ከዚያ በላይ ይጸዳል። የልጆች ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ የለውም፤ ስለዚህ ቢደፈን ሙሉው መቀየር አለበት። ከገባው ቱቦ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው ትርፍ ቱቦና ከእሱ በአንድ ቁጥር የሚያንስ ሌላ ከአልጋው አጠገብ ይኑር፤ ታማሚው በሄደበትም አብሮ ይሂድ።

ሰክሽን ማድረግ፣ ማለትም አክታውን በማሽን ከቱቦው መሳብ፣ ሆስፒታል ሳሉ፣ ነርሷ እያየች፣ እጅ እስኪለምደው መሠራት ያለበት ነገር ነው። እጅ ይታጠባል፤ ቀጭኗ የመሳቢያ ቱቦ (ካቴተር) አስቀድሞ እስከ ተለካው ድረስ ብቻ ትገባለች። ስትገባ አትስብም፣ ስትወጣ ነው የምትስበው። ማሽኑ ከአክታው ጋር አየርም ስለሚወስድ ከ10 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። የራስን ትንፋሽ ይዞ መሥራት ጥሩ ዘዴ ነው፤ አስታማሚው አየር ሲያጥረው ታማሚውም እንዳጠረው ያውቃል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ባትሪ ያለው ወይም በእግር የሚሠራ መሳቢያ ቀድሞ ማሰብ ግድ ነው።

ድምፅ ሌላው ጉዳይ ነው። ትንፋሹ በቱቦው ስለሚወጣ የድምፅ አውታሮቹን አያገኝም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ የነበረበትና በመተንፈሻ ማሽን ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ወጣት ዴቪድ ሚዩር ለዚህ መላ አገኘ፦ ሲተነፍሱ ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ ሲያስወጡ የሚዘጋና ትንፋሹን ወደ ጉሮሮ የሚመልስ ክዳን። ቱቦው ዙሪያውን የሚነፋ ፊኛ ካለው፣ ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት የፊኛው አየር ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ትንፋሹ መውጫ ያጣል። ሐኪሙ ክዳኑን እስኪፈቅድ ድረስ ደወል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ከታማሚው እጅ አይራቁ፤ ሌሊት ሰው ቢፈልግ መጣራት አይችልም።