የዳልን ጨረቃ መቅዳት

በጀርመኗ ድሬስደን ከተማ፣ አልበርቲኑም በተባለው ሙዚየም፣ በ1839 እ.ኤ.አ. የተሣለ አንድ የሌሊት ሥዕል ይገኛል። የኖርዌያዊው ዮሃን ክርስቲያን ዳል ሥራ ነው። ሙሉ ጨረቃ ከደመናው መካከል ወጥታ የኤልበ ወንዝን ታበራለች፤ የፍራውንኪርኸ ቤተ ክርስቲያን ጉልላትና የአውጉስቱስ ድልድይ በብርሃኑ ፊት ጠቁረው ቆመዋል። የሮማንቲክ ዘመን ሰዓልያን ከተማን የሚያዩት በሰዓቱና በአየሩ ስሜት ውስጥ ነበር። የዘይት ቀለም መማር የሚሻ ሰው እንዲህ ያለውን ሥዕል ቢቀዳ ብዙ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። የራሱን ሐሳብ የሚሥል ጀማሪ ሥራው ሲበላሽበት ጥፋቱ ከሐሳቡ ይሁን ከቀለሙ መለየት ይቸግረዋል። የሚቀዳ ሰው ግን መልሱ ፊቱ ተሰቅሎለታል፤ የሳተበትን ቦታ በጣቱ ሊያሳይ ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው በልኬት ነው። የዳል ሸራ ቁመቱ 78፣ ወርዱ 130 ሳንቲ ሜትር ነው። ተማሪው በግማሽ ልክ ሊቀዳው ቢነሣ፣ የሥዕሉን ኅትመት በቁመት 6፣ በወርድ 10 ቦታ ይከፍለዋል፤ የራሱን ሸራም በእርሳስ ስድስት ሳንቲ ሜትር ተኩል በሆኑ 60 ካሬዎች ያሰምረዋል። ያን ጊዜ ጉልላቱን ብቻ ሲያይ የነበረው ዓይኑ አብዛኛው ካሬ የሰማይና የውሃ መሆኑን ይረዳል። ቀጥሎ ቀለም ይመጣል። ጀማሪ ሌሊት ሲባል ጥቁሩን ቱቦ ያነሣል፤ ብቻውን የተቀባ ጥቁር ግን ጥልቀት አጥቶ ሸራው ላይ እንደ ቀዳዳ ይታያል። ቡናማውን አምበር ከፕሩስያ ሰማያዊ ጋር ሲያዋህድ ግን አንዴ ወደ ሙቀት፣ አንዴ ወደ ቅዝቃዜ የሚያዘነብል ጨለማ ያገኛል። ጨረቃዋም ነጭ በመደረብ ብቻ እንደማትደምቅ፣ ዙሪያዋ ሲለዝብ በራሷ እንደምትበራ ያያል።

የዘይት ቀለም ጠባይም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ይጠጥራል። ስለዚህ የታችኛው ንብር በተርፔንታይን መቅጠን፣ የላይኛው ደግሞ ዘይት ጠገብ ማለት አለበት። ከተገላበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። አምበር ማንጋኒዝ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል፤ ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራው ጥቁር ግን ይዘገያል። የሌሊቱን መሠረት በአምበር የጣለ ተማሪ ይህን ሕግ ቃል በቃል ሳይሸመድድ በእጁ ይማረዋል።

መቅዳት የራስን ድምፅ ይገድላል የሚሉ አሉ። ዳል ራሱ መልስ ይሆናቸዋል፤ በ1811 ኮፐንሃገን ገብቶ ሲማር እንደ ራውስዳል ያሉትን የሆላንድ ሰዓልያን ሥራዎች እየቀዳ አጥንቷል፤ በኋላ ግን የኖርዌይ የመልክዓ ምድር ሥዕል አባት ተባለ። ቅጂ ስርቆት ነው የሚለው ሥጋትም ተገቢ ነው፤ ሆኖም ስርቆት የሚሆነው ቅጂው እንደ ዋናው ሥራ ሲቀርብ ነው። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ቀጂዎችን ሲፈቅድ ልኩ ከዋናው እንዲለይ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። በግልጽ የተሠራ ቅጂ እንዲያውም ባለውለታ ይሆናል፦ ካርል ፍሪድሪክ ሺንክል በ1813 የሣለው በውሃ ዳር የቆመ ካቴድራል ዋናው ሸራ ጠፍቷል፤ ዛሬ በርሊን ውስጥ የሚታየው ቪልሄልም አልቦርን በ1823 የቀዳው ነው።

ከኅትመት የሚቀዳ ሰው የቀለሙን ውፍረትና የብሩሹን ጉዞ አያይም የሚለውን ግን መቀበል ግድ ነው፤ ዋናውን ማየት የሚችል ሄዶ ይየው። ለማይችለውም የብርሃኑ ሚዛን፣ የቀለሙ ቅይጥና የንብሮቹ ቅደም ተከተል ይቀሩለታል። ትምህርቱ መግባቱ የሚታወቀው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ተማሪው በራሱ ሰፈር መብራት የጠፋ ምሽት ወደ ውጭ ተመልክቶ ጨለማው ውስጥ ስንት ቀለም እንዳለ መቁጠር ሲጀምር፣ ዳል የሚያስተምረውን አስተምሯል።