የሳፋሪው አሸናፊ ሞተር በፈረስ መጋላ

የሐረሩ ጊደር መጋላ የእግረኛ ገበያ ነው። የአሮጌው ከተማ የጀጎል መተላለፊያዎች የተሠሩት ለሰውና ለጭነት አህያ ስለሆነ ሸማቹ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና በኩል ፈረስ መጋላ ይወጣል። እዚያ ለዘመናት ሲጠብቁት የኖሩት ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡ ፔጆ 404 ታክሲዎች ናቸው። ባጃጅ መጥቶ ቦታቸውን ቢወስድም የሐረርን ስም ከፔጆ የሚነጥል የለም።

ተሳፋሪው ልብ አይለውም እንጂ፣ የተቀመጠው የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ ባሸነፈች መኪና ላይ ነው፤ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ.። ሳፋሪው በፋሲካ ሰሞን፣ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ጭቃና አቧራ ላይ የሚካሄድ፣ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ፈተና ነበር። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1968 ደግሞ 93 ተነሥተው አሁንም 7 ደረሱ። ሁለቱንም ጊዜ አንደኛ የወጡት ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ ሲሆኑ፣ ሁለቱንም ጊዜ የነዱት 404 ነው።

ይህን ያስቻለው ሞተር በአንድ ጀምበር አልተወለደም። ፔጆ በ1948 ለ203 መኪናው የ1290 ሲሲ ሞተር ሠራ፤ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 73። ለ403 ስፋቱ 80 ሆነና 1468 ሲሲ ወጣው። በ1960 ለ404 ወደ 84 ከፍ አለ፤ 1618 ሲሲ። የፒስቶኑ ምልልስ ግን ከ73 ንቅንቅ አላለም። መሐንዲሶቹ የተሳካላቸውን ይዘው፣ የጎደለውን ብቻ እየሞሉ ሄዱ። ለእኔ የዚህ ሞተር ትልቁ ብልሃት ይኸው ትዕግሥት ነው።

ሌላውም ቀላል አይደለም። ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ቤንዚኑ የሚነድበት ክፍል ጉልላት መሰል ነው። ሞተሩ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ስለተጋደመ ኮፈኑ ዝቅ ብሏል። ሲሊንደሮቹ ከብሎኩ ተነጥለው የሚወጡና ዙሪያቸውን በውኃ የሚከበቡ ናቸው፤ ሲያልቁ ብሎኩን ሳይቆርጡ አዲስ ይገባባቸዋል። ትልልቅ ማሽን የሌለው ጋራዥ እንዲህ ያለውን ሞተር ቢወድ አይገርምም። ማራገቢያውም ሁልጊዜ አይሽከረከርም፤ ውኃው ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ መያዣ ከሞተሩ ጋር ይያያዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቃል።

ለውድድር ትመረጥ የነበረችው 404 ካርቡራተር አልነበራትም፤ ኩገልፊሸር የተባለው የጀርመን ፓምፕ ቤንዚኑን እየመጠነ ይረጭላት ነበር። በዚህ 72 የነበረው የፈረስ ጉልበት መጀመሪያ 85 ደረሰ፤ በኋላም ጨመረ። የሐረር ታክሲ ባለ ካርቡራተሯ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ከ72 ጉልበቷ የሚተርፋት ከ60 በታች ነው። በዚህች ጉልበት ሰውና ጭነት ይዛ ከድሬዳዋ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥታለች። መካኒኮችም የፒስቶን ፋሻ እየቀየሩ፣ ካንዴላ እየጠረጉ፣ ፋብሪካዋ ከረሳት በኋላ አቆይተዋታል።

የፔጆን የሳፋሪ ዋንጫዎች ለማስታወስ ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም። ፈረስ መጋላ ላይ አሮጌ 404 ካገኛችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ሾፌሩን ኮፈኑን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁት፤ ወደ ጎን የተጋደመውን ሞተር እዩት። ዋጋውን ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።